የመድኃኒት ስምና ዋጋ

አንድ መድኃኒት ሁለት ስም አለው። አንደኛው የንጥረ ነገሩ የጋራ ስም ነው፤ ሁለተኛው አምራቹ ለገበያ ያወጣለት የንግድ ስም ነው። ፓራሲታሞል የጋራ ስም ሲሆን ፓናዶል የንግድ ስም ነው። ሕመሙን የሚያስታግሠው ንጥረ ነገሩ ቢሆንም፣ የኩባንያ ወኪሎች በየሐኪሙ ዘንድ እየዞሩ የሚያስተዋውቁት የንግድ ስሙን ነው፤ ወጪውም ተመልሶ በበሽተኛው ላይ ይወድቃል።

ይህ በድሃ አገር የሚያስከትለውን ባንግላዴሽ አይታዋለች። አብዛኛው የመድኃኒት ገበያዋ በ8 የውጭ ኩባንያዎች እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 መንግሥት የባለሙያዎችን ኮሚቴ ምክር ተቀብሎ ጎጂ ወይም ጥቅመ ቢስ የተባሉ ከ1,700 የሚበልጡ መድኃኒቶች ከገበያ እንዲወጡ ዐወጀ። ከእነዚህም መካከል ኃይል ሰጪ ሽሮፖች፣ የሳል ድብልቆችና ለሕፃናት የሚሰጠው ግራይፕ ዋተር ነበሩ፤ ድሃው ቤተሰብ ለልጁ ምግብ የሚሆነውን ገንዘብ ለእነዚህ ያወጣ ነበር። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ዶክተር ዛፍሩላህ ቾውድሪ ሲሆኑ፣ የመሠረቱት የጤና ድርጅት በጋራ ስም የሚሸጡ ርካሽ መድኃኒቶችን ማምረት ጀምሮ ነበር። ኩባንያዎቹ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ዐዋጁ ግን ጸና። ዛሬ አገሪቱ ከሚያስፈልጋት መድኃኒት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ራሷ ታመርታለች። የወኪሎቹ ጉብኝት ግን አልቀረም፤ አሁን የሚዞሩት በአብዛኛው የአገሬው አምራቾች ወኪሎች ናቸው።

ለሕሙማን መርጃ ገንዘብ የምትሰበስቡ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የመድኃኒት ማዘዣ ሲቀርብላችሁ ያው ንጥረ ነገር በጋራ ስሙ የሚሸጥ መኖሩን ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ሐኪሙ ሳያውቅ ግን መድኃኒቱ አይለወጥ።