አልነሣ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ

«ላፕቶፑ አልነሣ አለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም። ባለቤትም ማሰሪያ አንቀጽም አለው። ለጠጋኝ ግን የሚነግረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ይኸውም በውስጡ አራት ልዩ ልዩ ሁኔታዎች ስለተሸሸጉ ነው። አንደኛው፣ ቁልፉን ሲጫኑት አንድም መብራት የማይበራበት፤ ሁለተኛው፣ መብራቱ በርቶ ቬንቲሌተሩ እየዞረ ምስል የማይታይበት፤ ሦስተኛው፣ ምስል ታይቶ ሥራ የማይጀምርበት፤ አራተኛው፣ ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ድርግም የሚልበት ነው። የትኛው እንደደረሰ ሳይለይ ካቻቪቴ የሚያነሣ ሰው፣ በሽተኛውን ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ይመስላል።

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በመገናኛና በሲ.ኤም.ሲ. አካባቢ በሚገኙ ብዙ ቤቶች፣ ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የመጡ አሮጌ ላፕቶፖች አሉ። በውስጣቸው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ወይም የሱቅ ሒሳብ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያውንና በውስጡ የተቀመጠውን ጽሑፍ ለያይታችሁ ተመልከቱ። መሣሪያው በሌላ ይተካል፤ ቅጂ የሌለው ጽሑፍ ግን አይተካም።

አንድም መብራት ካልበራ ፍለጋው ከግድግዳው ይጀመራል። በመጀመሪያ በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ዕቃ ሰክታችሁ መብራት መኖሩን አረጋግጡ። ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር ስፒናው ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ለእኛ ክብ ቀዳዳ ሶኬት መቀየሪያ ያስፈልገዋል፤ የላላ መቀየሪያም ደኅናውን ላፕቶፕ በሽተኛ ያስመስለዋል። ቀጥላችሁ በቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የሚቀበለው ከ100 እስከ 240 ቮልት ከሆነ ለአገራችን 220 ቮልት ተስማሚ ነው። የሚያወጣው ቮልት ግን ላፕቶፑ ከሚጠይቀው ጋር አንድ መሆን አለበት። ለምሳሌ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአይ ቢ ኤም ቲንክፓድ ቲ42 የሚጠይቀው 16 ቮልት ሲሆን፣ በ2006 የወጣው የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ60 የሚጠይቀው 20 ቮልት ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ቻርጀራቸውም አንድ ነው ማለት አይደለም።

ከዚያም ቻርጀሩን ነቅላችሁ ባትሪውን አውጡ። የማስነሻውን ቁልፍ ለ30 ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ በመያዝ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወግዱ፤ ቀጥሎም ባትሪውን ሳትመልሱ በቻርጀር ብቻ ሞክሩ። ቢነሣ ለመደምደም አትቸኩሉ። አጥፍታችሁ ባትሪውን መልሱና እንደገና ሞክሩ። አሁን እምቢ ካለ ጥፋቱ የባትሪው ነው፤ ከተነሣ ግን ያሰናከለው የቀረው ኤሌክትሪክ ነበር ማለት ይቻላል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አትጫኑት፣ አትብሱት፣ መልሳችሁም አትክተቱት።

መብራቱ በርቶ ምስል ከሌለ፣ ክፍሉን አጨልማችሁ ስክሪኑን በእጅ ባትሪ በሰያፍ አብሩበት። ደብዛዛ ጽሑፍ ከታየ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ ብርሃን ብቻ ነው፤ ላፕቶፑን ከሌላ ስክሪን ጋር አገናኝቶ ጽሑፉን መገልበጥ ይቻላል። ምንም ካልታየ ራሙን መርምሩ። ራም ላፕቶፑ በሥራ ላይ ሳለ መረጃ የሚይዝበት ጠፍጣፋ ክፍል ነው። ቻርጀሩና ባትሪው ከወጡ በኋላ፣ እጃችሁን ቀለም ባልተቀባ ብረት ላይ አሳርፋችሁ ራሙን አውጡ። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ጥረጉ፤ ብናኙን አራግፉና እስኪቆልፍ ድረስ መልሱት። ራሞቹ ሁለት ከሆኑ አንድ በአንድ ሞክሩ።

ምስል ታይቶ ሥራ ካልጀመረ፣ በስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ቃል በቃል ገልብጡ። ቀኑ ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ከተገኘ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም መሳይ የ3 ቮልት ባትሪ ሳታልቅ አልቀረችም። ሃርድ ዲስኩ አልተገኘም የሚል ከሆነ አውጥቶ መልሶ መሰካት ሊበቃ ይችላል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያውኑ አቁሙ፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ ጽሑፉን የማትረፉን ተስፋ ያጠባል።

ተነሥቶ የሚጠፋ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ የሚሠቃየው በሙቀት ነው። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ቬንቲሌተሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚያስወጣው ሙቀት ያንሳል። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ መተንፈሻውን ሲደፍነው፣ ላፕቶፑ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ይጠፋል። መተንፈሻውን በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት የመጀመሪያው መፍትሔ ነው።

በእነዚህ ሁሉ እርምጃዎች አንድ ደንብ ጠብቁ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ውጤቱንም ጻፉ። ሁለት ነገር በአንድነት የለወጠ ሰው ላፕቶፑ ቢነሣለት እንኳ የቱ እንዳዳነው አያውቅም። ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለባለሙያ ስጡት። ስትሰጡም፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ የሆነውን ሁሉ ግለጹ። «አልነሣ አለ» ብሎ ብቻ የሚያስረክብ ሰው የሚከፍለው ለጠጋኙ ግምት ነው። ከዚህ ይልቅ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ጻፉ፦

«መብራቱ ይበራል፤ ቬንቲሌተሩ ይዞራል፤ ምስል የለም። በሌላ ስክሪንም አልታየም። ራሙ ወጥቶ፣ ተጠርጎ ተመልሷል፤ ለውጥ አልመጣም። ከሳምንት በፊት ሻይ ፈስሶበታል። በሃርድ ዲስኩ ውስጥ ቅጂ የሌለው ጽሑፍ ስላለ እንዳይደመሰስ።»

ይህን ያነበበ ጠጋኝ ሥራውን ከቻርጀሩ ሳይሆን፣ ሻይ ከነካው ማዘርቦርድ ይጀምራል።