ገበያ ሲናጋ መሸሸጊያው ወርቅ ነው ወይስ ቢትኮይን?

የአክሲዮን ገበያ በተናጋ ቁጥር ባለገንዘብ ሁሉ መሸሸጊያ ፍለጋ ይሯሯጣል። ከጥንት ጀምሮ የሚሸሸው ወደ ወርቅ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ቢትኮይንን “ዲጂታል ወርቅ” ብለው የሰየሙ ወገኖች ተነስተዋል። ስያሜው ይገባው እንደሆነ ለመመዘን እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2022 የደረሱትን ሁለት ቀውሶች ማየት ይበቃል።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲስፋፋ የአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚለካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ባሉት ቀናት 34 በመቶ ወረደ። ቢትኮይን ማርች 12 በዋለበት በአንድ ቀን ከ7,900 ዶላር አካባቢ ከ5,000 ዶላር በታች አሽቆለቆለ። ወርቅም አልተረፈም። ማርች 9 አካባቢ 1,680 ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረው አንድ አውንስ፣ ማለትም 31.1 ግራም፣ በወሩ አጋማሽ ከ1,500 ዶላር በታች ተሸጠ።

መሸሸጊያ የተባለው ወርቅ ስለምን ወረደ? በብድር አክሲዮን የገዛ ሰው ዋጋው ሲወርድ አበዳሪው ተጨማሪ መያዣ ይጠይቀዋል። “የጨነቀው እርጉዝ ያገባል” እንደሚባለው፣ ይህ ሰው ቶሎ ገዥ የሚያገኝለትን ንብረት ሁሉ ይሸጣል። ወርቅ የተሸጠው ተጠልቶ ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ ስለተፈለገ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድን ወደ ዜሮ አስጠግቶ ገንዘብ ሲያፈስ ወርቅ አገገመ፤ በኦገስት ለመጀመሪያ ጊዜ ከ2,000 ዶላር አለፈ። ቢትኮይንም ዓመቱን በ29,000 ዶላር አካባቢ ዘጋ።

በ2022 ይኸው ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ወለድ ሲጨምር ግን ልዩነቱ ጎልቶ ታየ። በዓመቱ ኤስ ኤንድ ፒ 500 በ19 በመቶ፣ ቢትኮይን ከ60 በመቶ በላይ ሲወርዱ፣ ወርቅ ዓመቱን በጀመረበት ዋጋ አካባቢ ጨረሰ። በኖቬምበር ደግሞ የክሪፕቶ መገበያያው ኤፍ ቲ ኤክስ ከስሮ የደንበኞቹ ገንዘብ ተያዘ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ቢትኮይን በሁለቱም ቀውሶች ከአክሲዮን ጋር አብሮ መውረዱን ነው። ትርፉ ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ መሸሸጊያነቱ ግን አልተመሰከረም። ወርቅም ዋስትና አይደለም። ወለድ አይከፍልም። በ2011 አንዱን አውንስ በ1,900 ዶላር የገዛ ሰው ገንዘቡን ለመመለስ እስከ 2020 መጠበቅ ነበረበት።

የአገራችን ባለሀብት ሌላም ስሌት አለበት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸም ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። ወርቅ በዓለም ገበያ የሚተመነው በዶላር በመሆኑ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግና ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ የወርቅም ዋጋ በብር ሲሰላ አብሮ ጨምሯል። ጌጣጌጥ የሚገዛ ግን ልብ ይበል፤ 18 ካራት ማለት ከመቶው 75 እጅ ብቻ ንጹሕ ወርቅ ነው፤ ለአንጥረኛ የተከፈለ የእጅ ዋጋም ሲሸጡት አይመለስም።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ “ዋጋው ይጨምራል ወይ?” ብቻ ሳይሆን “ገንዘቡ መቼ ያስፈልገኛል?” የሚለው ነው። በሦስት ወር ውስጥ ዕቃ ለማስመጣት ወይም ዕዳ ለመክፈል የታሰበ ገንዘብ በወርቅም ሆነ በቢትኮይን መታሰር የለበትም። በክፉ ቀን ተገድዶ የሚሸጥ፣ መሸሸጊያውን ራሱን በርካሽ ያስረክባልና።