ሲጨመቅ ጠባዩን የሚለውጥ ማግኔት፦ ተረትና እውነታ

ተረት፦ ግፊት ማግኔትነትን ያጠፋል።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ብረት 13 ጊጋፓስካል ገደማ ሲጨመቅ፣ ማለትም ከከባቢ አየር ግፊት 130 ሺህ ጊዜ ያህል ሲጫንበት፣ የአተሞቹ አደራደር ይለወጥና ማግኔትነቱን ያጣል። የብረትን ጠባይ ለሁሉም መስጠት ግን ስሕተት ነው። ከዩሮፒየም፣ ከኢንዲየምና ከአርሰኒክ የተሠራ አንድ ውሁድ መግነጢሳዊ ሥርዓት የሚይዘው ከ16 ኬልቪን በታች ነው፤ በ14.7 ጊጋፓስካል ግን ሥርዓቱ እስከ 65 ኬልቪን ይጸናል። ግፊት የሚያደርገው የአተሞችን ርቀት ማጥበብ ነው። ውጤቱን የሚወስነው የትኛው አተም ከየትኛው ጋር እንደተቀራረበ ነው።

ይህን አጉልቶ የሚያሳየው ማንጋኒዝ፣ ቢስሙዝና ቴሉሪየም ያሉበት ቁስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የራሱ መግነጢሳዊ ሥርዓት ያለው የመጀመሪያው አንቲፌሮማግኔታዊ ቶፖሎጂያዊ ኢንሱሌተር ተብሎ ይፋ ሆነ። ቶፖሎጂያዊ ኢንሱሌተር የሚባለው ውስጡ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ፣ ገጹ ግን የሚያስተላልፍ ቁስ ነው። በዚህኛው የአንድ ንጣፍ ማንጋኒዞች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የቀጣዩ ንጣፍ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይዞራሉ፤ ይህም ከ24 ኬልቪን ገደማ በታች ነው። ሲጨመቅ ይህ የሙቀት ወሰን መጀመሪያ በጥቂቱ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል፣ 7 ጊጋፓስካል አካባቢ ሥርዓቱ ጨርሶ ይጠፋል። የክሪስታሉ አደራደር ግን እንደነበረ ነው! ቁሱን የጨመቁት ተመራማሪዎች የሰጡት ማብራሪያ ያሳምነኛል፦ ማንጋኒዞቹ ሲቀራረቡ በቀጥታ የሚያደርጉት ግንኙነት በተቃራኒ አቅጣጫ ሊያቆማቸው ይታገላል፤ በቴሉሪየም በኩል የሚያልፈው ትስስር ደግሞ አንድ አቅጣጫ ሊያስይዛቸው ይጥራል። አሸናፊ ስለማይኖር ሥርዓት አይጸናም።

ተረት፦ የተጨመቀ ነገር ኤሌክትሪክን ይበልጥ ያስተላልፋል።

በዚሁ ቁስ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ለእኔም ከሁሉ የሚገርመው ይህ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ኤሌክትሪክ የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች በዙ፤ ሬዚስታንሱም አብሮ ጨመረ። አልረጋ ያለው መግነጢስ ኤሌክትሮኖቹን ባሉበት እየያዘ መንገድ የሚያሳጣቸው ይመስላል።

ተረት፦ ቶፖሎጂያዊ ባሕርይ በምንም አይነካም።

ጥበቃው ቅድመ ሁኔታ አለው። በውስጠኛው ክፍል ያለው የኢነርጂ ክፍተት እስካልተዘጋና ባሕርዩን የሚጠብቀው ሲሜትሪ እስካልፈረሰ ድረስ ጥቃቅን ጉድለት አያጠፋውም። ግፊት ግን ክፍተቱን ሊዘጋ፣ ክሪስታሉንም ሌላ ሊያደርገው ይችላል። ሌላው ቶፖሎጂያዊ ኢንሱሌተር፣ ቢስሙዝ ሴሌናይድ፣ በከፍተኛ ግፊት ሱፐርኮንዳክተር (ያለ ሬዚስታንስ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ) ሲሆን፣ ቶፖሎጂያዊ ሱፐርኮንዳክተር ተገኘ ለማለት ያጓጓል። ይሁንና ከዚያ ቀደም ብሎ፣ 10 ጊጋፓስካል አካባቢ፣ የክሪስታሉ አደራደር መለወጥ ጀምሯል። ይህን ማየት የሚቻለው ናሙናው የሚጨመቅበት አልማዝ ብርሃንንም ኤክስሬይንም ስለሚያሳልፍ ነው። ናሙናው በሁለት የአልማዝ ጫፎች መካከል፣ በቀጭን ብረት ላይ በተበሳች ቀዳዳ ውስጥ ይቀመጣል። አጠገቡ ያለች የሩቢ ፍንጣሪ በሌዘር ስትመታ የምትሰጠው ቀይ ብርሃን የግፊቱን መጠን ይናገራል፤ በአልማዙ ያለፈው ኤክስሬይ ደግሞ አተሞቹ እንዴት እንደተደረደሩ ያሳያል። ሬዚስታንስ ብቻ ተለክቶ ስለ ቶፖሎጂ ድምዳሜ የተሰጠበት ዘገባ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምፈልገው የኤክስሬዩን ውጤት ነው።