የክላውድ ኮምፒዩቲንግ የሙያ ፈተና ምን ይለካል? ተፈታኙስ እንዴት ይዘጋጅ?

የኮምፒዩተር አገልግሎት ለመስጠት የሚፈልግ ድርጅት ቀደም ባለው ጊዜ ሰርቨሮችን ገዝቶ፣ ማቀዝቀዣና መጠባበቂያ ጄኔሬተር ያለው ክፍል አዘጋጅቶ፣ ባለሙያ ቀጥሮ ሥራውን ያካሂድ ነበር። ክላውድ ኮምፒዩቲንግ የሚባለው አሠራር ይህን ግዥ ወደ ኪራይ ለወጠው። ተጠቃሚው የማስላት አቅምን፣ የመረጃ ማከማቻንና የኔትዎርክ አገልግሎትን በኢንተርኔት አማካይነት ከሩቅ እያገኘ በተጠቀመበት ልክ ይከፍላል፤ ፍላጎቱ ሲጨምር በደቂቃዎች ውስጥ ተጨማሪ አቅም ይወስዳል፤ ሲቀንስም ይመልሳል። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ኤስ 3 የተሰኘውን የመረጃ ማከማቻና ኢ ሲ 2 የተሰኘውን የሰርቨር ኪራይ ለሕዝብ ካቀረበ ወዲህ ማይክሮሶፍትና ጉግልም በዚሁ መስክ በሰፊው ተሰማርተዋል።

ሰርቨሩ ከቀጣሪው ግቢ ውጭ ሲሆን የባለሙያው ስሕተት የሚታወቀው አገልግሎቱ ሲቋረጥ ወይም የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ነው። ቀጣሪ ድርጅቶች ሠራተኛው ከመቀጠሩ በፊት ችሎታው የሚለይበትን መንገድ የሚሹት ስለዚህ ነው፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ፈተናዎችም ይህን ፍላጎት ለማሟላት የቀረቡ ናቸው። አማዞን የመጀመሪያውን የዚህ ዐይነት ፈተና ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ነበር። ከነዚህ ፈተናዎች መካከል በሰፊው የሚታወቀው ሶሉሽንስ አርክቴክት አሶሺዬት የሚባለው ሲሆን፣ ከኦገስት 2022 ጀምሮ የሚሰጠው ሦስተኛው እትም ለዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት ተወስዷል። የፈተናው ክፍያ 150 የአሜሪካ ዶላር ነው። ለብዙ ወጣት ይህ ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ ከገንዘቡም ይበልጥ ለዝግጅት የሚጠፋው የወራት ጊዜ አለ። በመሆኑም ፈተናው የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ ሳይረዱ ዝግጅት መጀመር ከፍተኛ ኪሣራ ሊያስከትል ይችላል።

የመለኪያው ባሕርይ

ፈተናው 65 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን የሚፈቀደው ጊዜ 130 ደቂቃ ነው። አንዳንዶቹ ጥያቄዎች ከአራት አማራጮች አንዱን ብቻ የሚያስመርጡ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ከአምስት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ አማራጮች ሁለት ወይም ከሁለት በላይ የሚያስመርጡ ናቸው። በኋለኛው ዐይነት ትክክለኛ መልሶችን በሙሉ ያልመረጠ ተፈታኝ ነጥብ አያገኝም። በጭፍን የሚገምት ሰው በመጀመሪያው ዐይነት ከአራት አንድ ዕድል ሲኖረው፣ ከአምስት ሁለት በሚያስመርጠው ግን ዕድሉ ከአሥር አንድ ብቻ ነው። ሆኖም ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ የለም፤ ባዶ የተተወ ጥያቄም እንደ ስሕተት ይቆጠራል። ስለዚህ አንድም ጥያቄ ሳይመለስ መተው አይገባም።

ከ65ቱ ጥያቄዎች ውጤት የሚያዝባቸው 50ዎቹ ብቻ ናቸው። የቀሩት 15 ጥያቄዎች ለወደፊቱ ፈተና ብቁ መሆናቸው እንዲመረመር በሙከራነት የገቡ ሲሆኑ፣ የትኞቹ እንደሆኑ ተፈታኙ አያውቅም። ይህ አሠራር ለፈተና አዘጋጆች እንግዳ አይደለም፤ የአንድ ጥያቄ ክብደትና የመለየት ኀይል የሚታወቀው በእውነተኛ ተፈታኞች ላይ ሲሞከር ነውና። ለተፈታኙ ያለው ትርጉም ግን ሌላ ነው። ጨርሶ ያላጠናው የሚመስል ጥያቄ ሲገጥመው ተረብሾ አሥር ደቂቃ ቢያባክን፣ ያባከነው ለማይቆጠር ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

ውጤቱ ከ100 እስከ 1,000 በሚደርስ ሚዛን የሚገለጽ ሲሆን ማለፊያው 720 ነው። ብዙዎች ይህን 72 በመቶ ብለው ይተረጉሙታል፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። የተለያዩ የፈተና ቅጾች በክብደት መጠነኛ ልዩነት ስለሚኖራቸው፣ ጥሬው ነጥብ ወደ ጋራ ሚዛን ተለውጦ ነው የሚነገረው። ፈተናው ከተመሠረተባቸው አራት የይዘት መስኮች ደኅንነት 30 በመቶ፣ ብልሽትን መቋቋም 26 በመቶ፣ የሥራ ቅልጥፍና 24 በመቶ፣ ወጪን መቆጠብ 20 በመቶ ድርሻ አላቸው። በእያንዳንዱ መስክ ለየብቻ ማለፍ አያስፈልግም፤ የሚታየው ጠቅላላ ውጤቱ ነው።

አንድ ጥያቄ ሲመረመር

አማዞን መሣሪያዎቹን ሪጅን በሚባሉ የዓለም አካባቢዎች አደራጅቷል፤ ለምሳሌ በኬፕ ታውን ያለው እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ተከፍቷል። በእያንዳንዱ ሪጅን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዞኖች አሉ። ዞን ማለት የራሱ ኤሌክትሪክና ኔትዎርክ ያለው፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የመረጃ ማእከሎችን የያዘ ክፍል ሲሆን፣ አንዱ ዞን ቢጠፋ ሌላው እንዲሠራ ተብሎ ተራርቆ የተሠራ ነው። ይህን በማስታወስ የሚከተለውን ለማስረጃ የተዘጋጀ ጥያቄ መመልከት ይቻላል።

«አንድ ኮሌጅ የተማሪዎቹን ውጤት በድረ ገጽ ያሳውቃል። ውጤቱ በሚለቀቅበት ዕለት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ይከፍቱታል፤ በሌሎቹ ቀናት ጎብኚው ጥቂት ነው። አንድ ዞን በሙሉ ቢቋረጥ እንኳ አገልግሎቱ መቀጠል አለበት። ይህን በአነስተኛ ወጪ የሚያሟላው ንድፍ የትኛው ነው? (ሀ) አንድ ትልቅ ሰርቨር ለሦስት ዓመት መከራየት። (ለ) በአንድ ዞን ውስጥ እንደ ሥራው ብዛት የሚጨምሩና የሚቀንሱ ሰርቨሮችን ማቆም። (ሐ) በሁለት ዞኖች ውስጥ፣ ከሎድ ባላንሰር ጀርባ፣ እንደ ሥራው ብዛት የሚጨምሩና የሚቀንሱ ሰርቨሮችን ማቆም። (መ) በሁለት ዞኖች ውስጥ ለከፍተኛው ቀን የሚበቁ ሰርቨሮችን ዓመቱን በሙሉ ማሠራት።»

ከአራቱ አማራጮች ፈጽሞ የማይሠራ የለም። በማንኛቸውም ድረ ገጹን መክፈት ይቻላል። ጥያቄው የሚለየው የትኛው አማራጭ የትኛውን ግዴታ እንደጣሰ ማየት የቻለውን ነው። «ሀ» ዞኑ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል፤ ከዚህም ሌላ ለአንድ ቀን ሥራ የሦስት ዓመት ኪራይ ያስከፍላል። «ለ» ብዛቱን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከአንድ ዞን መጥፋት አይድንም። ብልሃተኛው አዘናጊ አማራጭ «መ» ነው። ብዛቱንም፣ የዞን መቋረጥንም ይቋቋማል፤ የሚወድቀው «በአነስተኛ ወጪ» በሚሉት ሁለት ቃላት ብቻ ነው። እነዚህ ቃላት ከጥያቄው ቢወጡ «ሐ»ም «መ»ም ትክክል ይሆናሉ። እንግዲህ የመልሱ ቁልፍ ያለው በአገልግሎቶቹ ስም ውስጥ ሳይሆን በዚያች አጭር ሐረግ ውስጥ ነው።

እግረ መንገድ መታወቅ ያለበት፣ በሥራ ዓለም ልምድ ያለው ባለሙያ ከአራቱ የተሻለ አምስተኛ ሐሳብ ሊያመነጭ መቻሉ ነው። ዕለቱ አስቀድሞ የሚታወቅ በመሆኑ ሰርቨሮቹ ከሰዓቱ በፊት በፕሮግራም እንዲጨምሩ ማድረግ ይቻላል፤ ውጤቱንም ያለ ሰርቨር ከማከማቻው በቀጥታ ማሳየት የሚቻልበት መንገድ አለ። ፈተናው ግን ካቀረባቸው አማራጮች የተሻለውን እንጂ ተፈታኙ ሊፈጥር የሚችለውን አይጠይቅም። የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው ሰዎች አንዳንድ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

በቃል የተያዙ ጥያቄዎች

ከላይ የታየው ጠባይ ከፈተናው ሾልከው ወጥተዋል የሚባሉ ጥያቄዎችን፣ በተለምዶ ዳምፕ የሚባሉትን፣ በቃል ማጥናት ለምን እንደማይበጅ ያሳያል። «ኮሌጅ፣ ውጤት፣ ሎድ ባላንሰር» ብሎ የሸመደደ ሰው፣ «በአነስተኛ ወጪ» የሚለው ሐረግ «በአነስተኛ የአስተዳደር ሥራ» በሚል ቢተካ የቀድሞውን መልስ ይደግማል። በነዚህ ስብስቦች ውስጥ የሚገኙት መልሶችም ብዙ ጊዜ ስሕተት አለባቸው፤ አጥኚው ደግሞ ስሕተቱን የሚለይበት ዕውቀት የለውም። ከዚህም በላይ ኩባንያው ደንብ ጥሶ የተገኘን ተፈታኝ የምስክር ወረቀት ሊሰርዝና ከሌሎች ፈተናዎች ሊያግድ ይችላል።

የሾለከ ፈተና ጉዳት በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ውስጥም የታወቀ ነው። በ2008 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ጥያቄዎች በማኅበራዊ መገናኛዎች በመሰራጨታቸው ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ጊዜ እንዲሰጥ ተደርጓል። አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ዕውቀት ያለውንና የሌለውን መለየት ያቆማል፤ ጉዳቱም ደንቡን ባልጣሱት ላይ ጭምር ይወድቃል።

የቋንቋው ጉዳይ

ፈተናው በእንግሊዝኛና በሌሎች በርካታ ቋንቋዎች ይሰጣል፤ አማርኛ ግን ከነዚህ መካከል የለም። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ቢሆንም፣ የመማሪያ መጽሐፍ ማንበብና በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንድ አንቀጽ አንብቦ አራት ረጃጅም አማራጮችን ማነጻጸር የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። አማርኛ ተናጋሪው ተፈታኝ አገልግሎቶቹን እያወቀ የሚወድቅባቸው ጊዜያት ጥቂት አይመስሉም።

ለዚህ የተደነገገ ማቃለያ አለ። የአፍ መፍቻ ቋንቋው እንግሊዝኛ ያልሆነና ፈተናውን በእንግሊዝኛ የሚወስድ ሰው ሲጠይቅ 30 ደቂቃ ይጨመርለታል። ጊዜው 160 ደቂቃ ሲሆን ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ከግማሽ ያህል ይደርሳል ማለት ነው። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ግን የፈተናው ቀን ከመያዙ በፊት ነው፤ ቀን ከያዙ በኋላ ስለዚህ መብት የሚሰሙ ተፈታኞች ዕድሉ ያመልጣቸዋል።

ከጊዜው ይልቅ ግን ቃላቱ ይከብዳሉ። «ኦፐሬሽናል ኦቨርሄድ» የሚለውን ሐረግ መዝገበ ቃላት በቅጡ አይፈታውም። ትርጉሙ አንድን ሥርዓት ለማቆየት የሚደረገው የዘወትር ሥራ፣ ይኸውም ማደሱ፣ ቅጂ መያዙ፣ መከታተሉ ነው። ዳታቤዝን በተከራዩት ሰርቨር ላይ ራስ መትከል በኪራይ ዋጋ ሊረክስ ይችላል፤ ኩባንያው ራሱ የሚያስተዳድረውን አር ዲ ኤስ የተባለ ዳታቤዝ መውሰድ ደግሞ የዘወትር ሥራውን ይቀንሳል። ስለዚህ «አነስተኛ ወጪ» እና «አነስተኛ ኦፐሬሽናል ኦቨርሄድ» የሚሉት ሁለት ሐረጎች ለአንድ ዐይነት ሁኔታ የተለያዩ መልሶች ያስገኛሉ።

«ዱረቢሊቲ» እና «አቬይለቢሊቲ» የሚባሉትም እንዲሁ ይምታታሉ። የመጀመሪያው የተቀመጠ መረጃ አለመጥፋቱን፣ ሁለተኛው በተፈለገበት ሰዓት መገኘቱን ያመለክታል። መደበኛው ኤስ 3 ለመጀመሪያው 99.999999999 በመቶ፣ ለሁለተኛው 99.99 በመቶ እንዲሆን ተነድፏል። በመጀመሪያው ስሌት አሥር ሚሊዮን ፋይል ያስቀመጠ ሰው በአማካይ በአሥር ሺህ ዓመት አንድ ፋይል ቢጠፋበት ነው፤ በሁለተኛው ግን በዓመት እስከ 53 ደቂቃ ያህል መረጃውን ማግኘት ላይችል ይችላል። በጎተራ ያለ እህል አለመንቀዙ አንድ ነገር ነው፤ የጎተራው ቁልፍ የያዘው ሰው በቤቱ መገኘቱ ሌላ ነገር ነው።

ጠቃሚ ሆኖ የሚገኘው ዘዴ እያንዳንዱን ቃል በእንግሊዝኛ እንዳለ እየያዙ፣ ትርጉሙን በራስ አነጋገር በአማርኛ በደብተር መጻፍና ለጥናት ባልደረባ ማስረዳት ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማስረዳት ያቃተው ተፈታኝ ቃሉን ለምዶት እንደሆነ እንጂ አልተረዳውም። በንባብ ጊዜ ደግሞ የጥያቄውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ማንበብ ይረዳል፤ የሚፈለገው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው እዚያ ነው።

በእጅ መሥራት

ኩባንያው ፈተናው ቢያንስ የአንድ ዓመት የሥራ ልምድ ላለው ሰው እንደተዘጋጀ ይገልጻል፤ ሆኖም ልምዱን በማስረጃ አይጠይቅም። ልምድ የሌለው ተፈታኝ ክፍተቱን የሚሞላው አካውንት ከፍቶ በመሥራት ነው። አንድ ኔትዎርክ መዘርጋት፣ ከውጭ የሚታየውንና የማይታየውን ክፍል መለየት፣ ሰርቨር በሁለት ዞን ማቆም፣ ከዚያም አንዱን ሆን ብሎ ማጥፋትና የሚሆነውን መመልከት ከብዙ ሰዓት ንባብ የበለጠ ያስተምራል። ከፍተኛ ድርሻ ያለው የደኅንነት መስክም በእጅ ሲሠራ ይቀላል። በአሠራሩ መሠረት ያልተፈቀደ ሁሉ ክልክል ነው፤ በግልጽ የተከለከለ ነገር ደግሞ በሌላ ቦታ ቢፈቀድም እንደተከለከለ ይቆያል። ይህን ሕግ በመጽሐፍ ያነበበ ሰው ሊረሳው ይችላል፤ ራሱ በጻፈው ክልከላ ከገዛ ፋይሉ የታገደ ሰው ግን አይረሳውም።

የወጪው ጉዳይ ጥንቃቄ ይሻል። ኪራዩ የሚቆጠረው መሣሪያው ቆሞ ባለበት ጊዜ ሁሉ እንጂ ተማሪው በተጠቀመበት ጊዜ ብቻ አይደለም። ናት ጌትዌይ የተባለው የኔትዎርክ መሣሪያ በሰሜን ቨርጂኒያ ሪጅን በሰዓት 4.5 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል፤ ለልምምድ ከፍቶ የረሳው ሰው በወሩ መጨረሻ ምንም ሳይሠራበት 33 ዶላር ያህል ይጠየቃል። የበጀት ማስጠንቀቂያ መትከል አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያው መልእክት ይልካል እንጂ በራሱ አገልግሎቱን አይዘጋም። ስለዚህ የልምምዱ የመጨረሻ ክፍል የሠሩትን ሁሉ ማፍረስ መሆን አለበት።

ፈተናውን በተፈቀደ ጣቢያ ወይም በቤት ሆኖ በካሜራ ቁጥጥር መውሰድ ይቻላል። ኤሌክትሪክና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ጣቢያው ይመረጣል። ያላለፈ ተፈታኝ ከ14 ቀናት በኋላ እንደገና መቀመጥ ይችላል፤ በየጊዜው ግን ሙሉ ክፍያ ይከፍላል። የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ለሦስት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የዚህኑ ፈተና አዲስ እትም ወይም ፕሮፌሽናል የሚባለውን ቀጣይ ደረጃ በማለፍ ይታደሳል።