የመሸታ ቤት ቁጥርና የትርፉ ባለቤት

ደመወዝ በተከፈለበት ቀን ማታ በከተማችን መካከል የሚያልፍ ሰው፣ ዓይኑን ወደየትም ቢያዞር የመሸታ ቤት መብራት ሳያይ አይቀርም። አንዱን በር በብርታት ቢያልፍ ሁለተኛው ይጠራዋል፤ ሁለተኛውን ቢሻገር ሦስተኛው ይጠብቀዋል። በዚህ ነገር ጓደኞቼ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንደኛው «ማዘጋጃ ቤቱ ቁጥራቸውን ይወስን!» ሲል፣ ሌላው «ጠጪውን እንጂ በሩን ምን ትወቅሰዋለህ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም የዘለሉት አንድ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል፤ ይኸውም ቁጥሩ ከተወሰነ በኋላ ትርፉ የማን ይሆናል? የሚል ነው።

ቁጥር መወሰን ብቻውን ምን እንደሚያስከትል ለማየት በአሜሪካ የኒው ጀርሲን ግዛት መመልከት ይበቃል። በዚያ አገር ሕግ አንድ ከተማ በመሠረቱ ለ3,000 ነዋሪ አንድ የመጠጥ ቤት ፈቃድ ብቻ ይሰጣል። ሐሳቡ መልካም ነው። ዳሩ ግን ፈቃዱ ከሰው ወደ ሰው የሚሸጥ ስለ ሆነ፣ በአንዳንድ ከተማ የአንዱ ዋጋ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ እስከ መሆን ደረሰ። የሕዝብን ጤና ይጠብቃል የተባለው ወረቀት ለጥቂት ሰዎች ርስት ሆነ ማለት ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣ ነጋዴ ደግሞ ወጪውን የሚመልሰው ብርጭቆ በማብዛት እንጂ በማሳነስ አይደለም። በ2024 ሕጉ ተሻሽሎ፣ ሥራ ላይ ሳይውሉ የተቀመጡ ፈቃዶች ወደ ሥራ የሚመለሱበት መንገድ ተከፍቷል።

ከዚህ በፊት ሌላ መንገድ የሞከረች ከተማ ነበረች። የስዊድን መንግሥት በ1855 በየቤቱ አረቄ ማውጣትን ከልክሎ፣ የችርቻሮውን ፈቃድ የየአካባቢው አስተዳደር እንዲቈጣጠረው አደረገ። በ1865 የጎተንበርግ ከተማ የድኾቿን ችግር ስታስመረምር ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ አረቄ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ፈቃዱን ለግል ነጋዴ በመስጠት ፈንታ ለአንድ ማኅበር ሰጠች። የማኅበሩ ባለ አክሲዮኖች የተወሰነ ወለድ ብቻ ያገኛሉ፤ የቀረው ትርፍ ለከተማዋ ይገባል። የመሸታ ቤቱ ኀላፊ ከአረቄ ሽያጭ ምንም አያተርፍም፤ ጥቅም የሚያገኘው ከምግብና ከቡና ነው። እንግዲህ ሻጩ «አንድ ልድገምልህ» ብሎ የሚገፋፋበት ምክንያት አልነበረውም። ይህንኑ ሥርዓት ኖርዌይም ከ1871 ጀምሮ ተከተለች።

ሆኖም የጎተንበርግም ሥርዓት ከነቀፋ አልዳነም። ማዘጋጃ ቤቶቹ የአረቄውን ገንዘብ በበጀታቸው ውስጥ ቈጥረው ለመዱትና፣ ጠጪ ሲቀንስ ገቢያቸውም የሚቀንስ ሆነ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለከተማም ይሠራል። በመሆኑም ትርፉን ከነጋዴው እጅ መውሰድ ብቻ አይበቃም፤ ተቀባዩም በእርሱ እንዳይኖር መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የአልኮል ማስታወቂያም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ አድርጓል። ይህ ወጣቱን ገዢና ጥሪውን የሚመለከት ትልቅ እርምጃ ነው። በአንድ ሰፈር ስንት በር ይከፈት የሚለው ጉዳይ ግን ሲመጣ የሚመጣው በፈቃድ ሰጪው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከዚህ ገጽ አንባቢዎች አንዳንዶቹ ዛሬ፣ አንዳንዶቹም ነገ በዚያ ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣሉ። ማመልከቻው ሲቀርብላቸው «በዚህ መንገድ ስንት አሉ?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ግን በዚያ አይቁሙ። «ሰው አብዝቶ ሲጠጣ የሚጠቀመው ማን ነው?» ብለውም ይጠይቁ። መልሱ «የእኛው መሥሪያ ቤት» የሆነ እንደሆነ፣ ፊርማው ከመኖሩ በፊት ብዕሩን አስቀምጦ እንደ ገና ማሰብ ይገባል።