«ሠራ» ስለሚለው ግሥና ስለ ቤተ ዘመዶቹ

በእንግሊዝኛ ትምህርት «ቢልድ» የሚለውን ግሥ ሁላችንም ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጀምረን እናውቀዋለን። ወደ አማርኛ መልሱት ስንባል ግን አብዛኞቻችን ሳናመነታ «ገነባ» ብለን እናልፋለን። በዚህ አኳኋን ወፏም ጎጆዋን ትገነባለች፤ ገበሬውም የእርሻውን ካብ ይገነባል፤ ደብሩም ይገነባል። ይህ አተረጓጎም ፈጽሞ ስሕተት ነው ባይባልም፥ አባቶቻችን ለየሥራው ለይተው ያወጡለትን ቃል ያስረሳናል። ስለዚህ የዚህን ግሥ አመጣጥና በቋንቋችን ያሉትን ዘመዶቹን በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ የእንግሊዝኛውን እንመልከት። «ቢልድ» የተገኘው በጥንቱ እንግሊዝኛ መኖሪያ ቤት ከሚባልበት «ቦልድ» ከሚል ስም ነው። እንግዲህ ዋናው ትርጉሙ ቤት ሠራ ማለት ነበር፤ ወደ ሌላው ነገር ሁሉ የተስፋፋው ኋላ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ሥሩን ወደ ኋላ ሲከታተሉት መሆን፥ መኖርና ማደግ የሚል ትርጉም ካለው እጅግ ጥንታዊ ሥር ይደርሳሉ። «ኮንስትራክት» የሚለው ግን ከላቲን የመጣ ሲሆን፥ ፍችው በአንድነት ከመረ፥ ደራረበ ማለት ነው። ይህም የእኛን «ካበ» ይመስላል።

ወደ ቋንቋችን ስንመለስ ከሁሉ ሰፊ የሆነው «ሠራ» ነው። የተገኘው ከግዕዙ «ሠርዐ» ሲሆን፥ ይኸውም ደነገገ፥ በተራ በተራው አኖረ ማለት ነው። «ሥርዓት» የተባለው ቃልም የዚሁ ልጅ ነው። ስለዚህ ሥራና ሥርዓት ወንድማማቾች ናቸው። አናጢው ቤት ይሠራል፤ እናት ወጥ ትሠራለች፤ ልጃገረድ ሹሩባ ትሠራለች፤ ሰዓት ይሠራል ወይም አይሠራም። ሰው ጽድቅም ኃጢአትም ይሠራል። የተታለለ ሰው «ጉድ ሠራኝ» ይላል። «ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው» በሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ሥራ ማለት የሰው አድራጎት ነው።

«አነጸ» ከግዕዙ «ሐነጸ» የመጣ ሲሆን፥ ሕንጻ የተባለውም ከዚሁ ነው። ክብር ስላለው ለቤተ ክርስቲያን ይነገራል፤ ለሰው ጠባይም ይነገራል። ልጅ በመልካም ምግባር ይታነጻል እንጂ ይገነባል ማለት ለጆሮ ይሻክራል። «ገነባ» ግን ከግንብ ጋር የሚሄድ ነው፤ ግንብም በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ፋሲለደስ በጎንደር ያሠሩት ቤተ መንግሥት «የፋሲል ግንብ» መባሉ ስለዚህ ነው።

በጉና ግርጌ ያለው ገበሬ ቤት ሲሠራ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሥራ ቃል አለው። ድንጋዩን ያለ ጭቃ ሲደረድር ይክባል፤ ምሰሶውን ያቆማል፤ ግድግዳውን ይማግራል፤ በጭቃና በጭድ ይመርጋል፤ ጣራውን በሣር ይከድናል። ጎጆ ግን ይቀለሳል፤ «ቀለሰ» አጎበጠ ማለት ነውና። እነዚህ ቃላት ከቤት ሥራ ወጥተው ወደ ኑሮም ገብተዋል። ሰውን ከልክ በላይ ማወደስ መካብ ነው፤ የወዳጅን ገመና መሸሸግ መክደን ነው።

«ተከለ» የሚለው ለዛፍ ብቻ አይደለም፤ ድንኳንም ይተከላል፤ ደብርም ይተከላል። እንግሊዞች የሰውን ቁመናና አካል «ቢልድ» ሲሉ፥ እኛም «ተክለ ሰውነት» እንላለን። ሁለት የተራራቁ ቋንቋዎች በዚህ መገናኘታቸው ያስደንቃል። ከተማ ሲሆን ደግሞ ይቆረቆራል፤ ደብረ ታቦርንም የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው።

ስለ መሥራት ሲነገር ደብረ ታቦር አጠገብ ያለውን ጋፋትን መርሳት አይገባም። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን በዚያ አስቀምጠው መድፍ አሠርተዋል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነሐስ ቀልጦ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ሲሆን፥ ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1858 ዓ.ም. ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ወደ እንግሊዝ አገር የላኩትም ተጨማሪ ባለሙያዎች እንዲያመጣ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፥ በገደሉና በሸለቆው መንገድ ማስጠረግ ነበረባቸው። እርሳቸውም ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር።

በዚያው ዘመን ግን ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸማ የሚሠራው፥ ሸክላ የምትሠራው በሕዝቡ ዘንድ ይናቁና ይሰደቡ ነበር። ይህ ክፉ ልማድ ለብዙ ዘመን ቆይቶ አገራችንን ጎድቷል። ሥራ የሥርዓት ወንድም መሆኑን ቋንቋችን እየመሰከረ፥ ሠሪውን መናቅ ቃላችንን በራሳችን ላይ ማፍረስ ነው።

ዛሬ የሣሩን ክዳን ቆርቆሮ፥ የጭቃውን ምርጊት ሲሚንቶ እየተካው ነው። ይህም መልካም ነው፤ ቤቱ ይጠነክራል። ነገር ግን ሥራው ሲቀር ቃሉም አብሮ እንዳይቀር ያሰጋል። ቀለሰን፥ መረገንና ማገረን የሚያውቁት ወላጆቻችንና አያቶቻችን ናቸው። እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፤ በዕረፍት ጊዜያችን የቤታችንን እያንዳንዱን ክፍል ስሙን እየጠየቅን በደብተራችን እንጻፍ። ወላጆችም ልጆቻችሁ ሲጠይቁ ሳትሰለቹ አስረዱ። እንግሊዝኛውን ጠንቅቀን እንማር፤ የራሳችንንም ቋንቋ ሳንንድ በላዩ እንካብ።