ሠራተኛው የኩባንያው ባለድርሻ ሲሆን

ሠራተኞች ከደመወዛቸው ሌላ በአክሲዮን ወይም በትርፍ ክፍፍል ከድርጅታቸው ሀብት የሚካፈሉበትን አሠራር የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች «የጋራ ካፒታሊዝም» ይሉታል። በአሜሪካ ዋነኛውን ስልት የቀየሰው ሉዊስ ኬልሶ የተባለ የሕግ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የአንድ ካሊፎርኒያ ጋዜጣ ኩባንያ ሠራተኞች በአደራ ፈንድ አማካይነት ድርጅቱን እንዲገዙ አደረገ። የ1974ቱ የጡረታ ሕግ ደግሞ ለስልቱ ሕጋዊ መሠረት ሰጠው።

አሠራሩ ከጥንት የሚነሣበት ጥያቄ አለ። ትርፉን አንድ ሺህ ሰው እኩል የሚካፈለው ከሆነ፣ አንዱ ተግቶ ካስገኘው ተጨማሪ ገቢ ለራሱ የሚደርሰው አንድ ሺህኛው ብቻ ነው። ታዲያ በባልደረቦቹ ላብ ከመኖር ምን ይከለክለዋል?

ተመራማሪዎቹ ዳግላስ ክሩዝ፣ ሪቻርድ ፍሪማንና ጆሴፍ ብላሲ ይህን ለመመርመር በ14 ኩባንያዎች ከ40,000 በላይ ሠራተኞችን ጠየቁ፤ ውጤቱም በ2010 በመጽሐፍ ታተመ። ሥራውን ቸል የሚል ባልደረባ ቢያዩ ምን እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ፣ ባለድርሻዎቹ ከሌሎቹ ይበልጥ ሰውየውን እንደሚያናግሩ ወይም ለአለቃ እንደሚናገሩ ገለጹ። ስንፍናን የሚገታው የእርስ በርስ ክትትል ነው ማለት ነው። ውጤቱ የጎላው ግን ሠራተኛው በውሳኔ በሚሳተፍበት፣ ሥልጠና በሚያገኝበትና የአለቃ ቁጥጥር ጥብቅ ባልሆነበት ቦታ ነው። አክሲዮን ብቻውን፣ ያለ ድምፅ፣ ብዙም አይለውጥም።

በ2016 የታተመ የ102 ናሙናዎች ማጠቃለያ ጥናትም የሠራተኛ ባለቤትነት ከድርጅት ውጤታማነት ጋር አዎንታዊ፣ ግን አነስተኛ ዝምድና እንዳለው አሳይቷል። በሥራ ዋስትና በኩል ያለው ማስረጃም አበረታች ነው። ከ1999 እስከ 2011 የነበሩ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የመረመሩት ፊዳን ኩርቱሉሽና ክሩዝ፣ የሠራተኛ ባለቤትነት ያለባቸው ድርጅቶች በኢኮኖሚ ድቀት ወቅት ሠራተኞቻቸውን ይበልጥ ይዘው እንደቆዩ አረጋግጠዋል።

ትልቁ አደጋ ደመወዝና ጥሪት በአንድ ድርጅት ላይ መንጠልጠላቸው ነው። በ2001 የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን ሲከስር በርካታ ሠራተኞች ሥራቸውንም፣ በኩባንያው አክሲዮን ያስቀመጡትን የጡረታ ቁጠባም በአንድ ጊዜ አጡ። በ1994 ደመወዛቸው እንዲቀነስ ተስማምተው የዩናይትድ አየር መንገድን 55 በመቶ ድርሻ የያዙ ሠራተኞችም በ2002 ኩባንያቸው የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ አክሲዮናቸው ከንቱ ቀረ። ስለዚህ ድርሻው በተገቢ ደመወዝና በተለያየ ቦታ በተቀመጠ የጡረታ ቁጠባ ላይ ሲታከል እንጂ እነሱን ሲተካ ሠራተኛውን አይጠቅምም።